አደራ መስጠት እጅ መስጠት አይደለም

ውድ ልጄ፣

«ለፈጣሪ ተወው» ሲሉህ ምን አድርግ እንዳሉህ እንደማይገባህ ጽፈህልኛል። አልፈርድብህም። ብዙ ጊዜ ይህ ምክር የሚወጣው መካሪው የሚለው ሲያልቅበት ነው፤ እንዴት እንደሚተው ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያሳይም። ስለዚህ ስብከቱን ለሌሎች ትቼ አሠራሩን ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «እጅ መስጠት» የተሸናፊ ወታደር ነገር ነው። መሣሪያውን ይጥላል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ የሚወስነው ሌላ ነው። «እጅ መንሣት» ሌላ ነው፤ በሚበልጥህ ፊት ዝቅ ትላለህ፣ ከዚያ ቀና ብለህ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ። ለእኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ ነገሩን ልክ የሚነግረን «አደራ» ነው። አደራ የሚሰጠው ለሚታመን ነው። ዕቃው ያንተ መሆኑ አይቀርም፤ ሆኖም በየሰዓቱ እየተመላለስክ ሣጥኑን ከፍተህ አታይም። ካየህ አደራ አልሰጠህም፣ የማስቀመጫ ቦታ ብቻ ነው የቀየርከው።

ታዲያ አደራ የሚሰጠው ምኑ ነው? ውጤቱ። ሥራው አንተው ጋ ይቀራል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በእስልምና በአላህ መመካት «ተወኩል» ይባላል። በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ አንድ ሰው ነቢዩን «ግመሌን አስሬ ልመካ ወይስ ለቅቄ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «እሰራትና ተመካ» ነው። ማሰሩ እንደሚቀድም ልብ በል። በሂንዱዎቹ ቅዱስ መጽሐፍ በባጋቫድ ጊታም ምዕራፍ 2 ቁጥር 47 ላይ ሰው ሥልጣኑ በሥራው ላይ እንጂ በፍሬው ላይ እንዳልሆነ ተጽፏል። እነዚህ ሁለቱ በብዙ ነገር አይገናኙም፤ እዚህ ላይ ግን ተገናኝተዋል።

አሠራሩን በዝርዝር ያወጡት ከመጠጥ ሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን ማኅበር ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አክሮን ከተማ መሠረቱት፤ ማኅበሩ የሚመራባቸው 12ቱ ደረጃዎች በ1939 ታተሙ። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውየው በመጠጥ ላይ አቅም እንደሌለው ያምናል። በሁለተኛው ከእሱ የሚበልጥ ኃይል ሊመልሰው እንደሚችል ይቀበላል። በሦስተኛው ፈቃዱንና ሕይወቱን እሱ በተረዳው መጠን ለአምላክ ጥበቃ ለመስጠት «ይወስናል»። ይወስናል ነው የሚለው፣ ተሰማው አይልም። ልብህ እስኪሞቅ ከጠበቅህ አትጀምርም። «በተረዳው መጠን» የሚለውም በአጋጣሚ የገባ አይደለም፤ እምነቱ ገና ያልጸና ሰው በሩ ላይ እንዳይቀር ነው።

ከሦስተኛው በኋላ ግን ገና ዘጠኝ ደረጃ አለ፣ አብዛኛውም ሥራ ነው። በአራተኛው ጥፋትን ሳይሸሽጉ መመርመር፣ በአምስተኛው ለአምላክና ለሌላ ሰው መናገር፣ በስምንተኛው የበደሉትን ሰው ሁሉ መመዝገብ፣ በዘጠነኛው፣ የሚጎዳቸው ካልሆነ በቀር፣ መካስ። ስለዚህ መስጠቱ የሥራው መግቢያ ነው። እዚያ ተቀምጦ የቀረ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ «ገባሁ» እንደሚል ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ደክሞህ ወይም ተናደህ ሳለህ አትጀምር፤ ጠዋት ይሻላል። አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጥና በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። «ሕይወቴን በሙሉ እሰጣለሁ» ለመናገር ደስ ይላል፣ ሲሠራ ግን መያዣ የለውም። «የፈተናው ውጤት» ወይም «ጓደኛዬ መጠጥ መተዉ» ብትል መያዣ አለው።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈል። በቀኝ በሚቀጥሉት 7 ቀናት አንተ ራስህ የምትሠራውን፣ ከነቀኑ። በግራ የቀረውን ሁሉ። የትኛው ወዴት እንደሚገባ ካልገባህ «ይህ እንዲሆን የሌላ ሰው ፈቃድ ወይም ከእጄ የወጣ ነገር ያስፈልጋል?» ብለህ ጠይቅ። ካስፈለገ ግራ ነው። ማጥናት ቀኝ ነው፤ የጥያቄዎቹ ክብደትና የአራሚው ዓይን ግራ ናቸው። አስቸጋሪዎቹ የተጣበቁት ናቸው፤ እነሱን ሰንጥቃቸው። ለጓደኛህ ያየኸውን ሳትሸፋፍን መንገር፣ መጠጥ የሚገዛበት ገንዘብ አለመስጠት፣ አብረኸው ወደ ሐኪም ለመሄድ መዘጋጀት ቀኝ ናቸው። መተዉ ግራ ነው። ይህ መስመር ያማል፤ ለዚህም ነው ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሊያሻግረው የሚታገለው።

ከዚያ ቁጭ በል፣ እግርህ መሬት ይንካ፣ መዳፍህን ዘርጋ። እስከ 4 እየቆጠርክ ትንፋሽ ሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አስወጣ፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ትንፋሹ ጸሎት አይደለም፤ ሰውነትህ እንደ ተጨበጠ ጡጫ ሆኖ አፍህ ብቻ «ሰጠሁ» እንዳይል ነው። የግራውን ዝርዝር ድምፅህን አውጥተህ አንብብና «ይህን አደራ ሰጥቻለሁ፤ የእኔን እሠራለሁ» በል። በቃ፣ ሁሉም ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ተነሥተህም ሰዓት ሳይሞላ ከቀኙ ትንሿን ሥራ ፈጽም። ሥራ ካልተከተለው ማታ ጭንቀቱ መልሶ ይወስድሃል።

ቢከተለውም ይመጣል፣ አትደንግጥ። በቀን 20 ጊዜ ቢመለስ አልተሳካልኝም አትበል። በመጣ ቁጥር «አዲስ ነገር ሰምቻለሁ?» በል። ከሰማህ ወረቀቱን አስተካክል። ካልሰማህ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ በል። ጸሎቱን ባስረዘምክ ቁጥር ጸሎት መሆኑ ቀርቶ በተቀደሰ ቃል መብሰልሰል ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ወረቀቱን እየው፤ ግራ የነበረ ነገር ወደ ቀኝ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ውጤቱ ወጥቶ ይግባኝ የሚባልበት ከሆነ ይግባኙ ያንተ ሥራ ነው።

የሚበላሸው በየት በየት ነው? ስንፍና የእምነት ልብስ ሲለብስ አንዱ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬኔት ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ችግርን በራሳቸው ብቻ የሚታገሉትን፣ ሁሉን ለአምላክ ጥለው የሚጠብቁትንና ከአምላክ ጋር አብረው እንደሚሠሩ የሚያስቡትን ለይተዋል። ጥሎ መጠበቅ ከዝቅተኛ የችሎታ ስሜት፣ አብሮ መሥራት ከተሻለው ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ድርድርም አለ፤ «ይህን ካደረግህልኝ እንዲህ አደርጋለሁ» ስትል ውጤቱን አሁንም ጨብጠኸዋል።

ችኮላም እንዲሁ። ሐዘኑን ሳይናገር «ፈቃድህ ይሁን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ንዴቱን ቀብሮ ነው። ክርስቶስ በጌቴሴማኒ መጀመሪያ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ፣ «የአንተ ፈቃድ» ከዚያ ቀጠለ፤ ማቴዎስም ሦስት ጊዜ እንደጸለየ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ግማሽ አትዝለለው። የምትፈልገውን በግልጽ ተናገር፣ አልቅስ፣ ተሟገት።

ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ነው፦ ለሚበልጥህ ኃይል የሰጠኸውን በመካከል ቆሞ የሚቀበል ሰው። በስሙ ገንዘብ የሚጠይቅህ፣ ከወዳጅ ዘመድህ የሚለይህ፣ ምስጢር እንድትይዝለት የሚያዝህ፣ መድኃኒትህን አቁም የሚልህ ሁሉ አደራ ተቀባይ አይደለም። ከእሱ ራቅ። የሚመታን ሰው ታግሦ መኖርም «መተው» አይባልም፤ መውጣቱ ከቀኙ ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋም ሐኪም ጋ መሄድ እዚያው ቀኝ ውስጥ ይጻፋል።

የምትጀምርበትን ጉዳይ እኔ አልመርጥልህም። ትንሽ ይሁን ብቻ፤ በሳምንት ውስጥ የሚለይለትን ምረጥ። ስትጽፍልኝ የግራውን ማወቅ አልፈልግም፣ እሱ በሌላ እጅ ነው። የቀኙን ላክልኝ፣ ከነቀኑ። አደራ፣ ወረቀቱን ትራስህ ሥር አድርገህ አትተኛ።

እናትህ