የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ ብላችሁ ስለወሰዳችሁብኝ ገንዘብ፣ ጊዜና ኦሪጅናል ዲግሪ

ቀን፦ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት 178,000 ብር እና ኦሪጅናል የትምህርት ማስረጃዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በነርስነት ስሠራ 6 ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ከታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል የሥራ ፈቃድ ተሰጥቶት በካናዳ፣ አልበርታ፣ ካልጋሪ ከተማ እየሠራ ይገኛል። እኔም በእሱ ፈቃድ መሠረት የትዳር ጓደኛ ኦፕን ወርክ ፐርሚት (ለማንኛውም አሠሪ ለመሥራት የሚያስችል ክፍት የሥራ ፈቃድ) ለማመልከት ብዬ፣ ማመልከቻዬን አዘጋጅታችሁ እንድታስገቡልኝ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከድርጅታችሁ ጋር ውል ፈረምኩ። ካዛንቺስ ሳላችሁ ጀምሮ የሚያውቃችሁ ሰው ነው የጠቆመኝ።

ያን ቀን ሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ፣ እንቅልፍ ሳልተኛ ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዤ ነው የመጣሁት። የተቀበለችኝ የፋይል ኃላፊ የባለቤቴን ፈቃድ ኮፒ አየችና «ዋናው እሱ ነው፤ እሱ ካለ ያንቺ አለቀ በይው። ነርስ ስለሆንሽ ደግሞ በገባሽ በሳምንቱ ሆስፒታል ትጀምሪያለሽ» አለችኝ። ፋይሉ በ15 ቀን እንደሚገባም ነገረችኝ። በውሉ ላይም «በ15 የሥራ ቀናት» ተብሎ ተጽፏል። አምኜ ከፈልኩ። 85,000 ብር ለአገልግሎት፣ 93,000 ብር ደግሞ «ለካናዳ መንግሥት የሚከፈል 600 ዶላር» ተብሎ በ155 ብር ሒሳብ ተወሰደብኝ። የእቁብ ዕጣዬን በልመና አስቀድሜ አውጥቼ፣ የጎደለውን በግል ክሊኒክ ተጨማሪ ተረኛ እየገባሁ የሞላሁት ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው 50,000 ብር ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ የግብር ከፋይ ቁጥርም የለበትም። ለ93,000ው ምንም ደረሰኝ አልተሰጠኝም።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ከግማሽ ያህል ጠበቅኩ። በደወልኩ ቁጥር መልሱ «ሲስተም ላይ ነው፣ ታገሺ» ነበር። በሰኔ ወር ሦስት ጊዜ በአካል መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የፋይል ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት ተባልኩ።

ነሐሴ 6 ምሽት ባለቤቴ ከካልጋሪ ደውሎ የማመልከቻ ቁጥሬን ጠየቀኝ። አልነበረኝም። ያን ጊዜ ነው እናንተ አንድም ቀን ያልነገራችሁኝን ነገር ከእሱ የሰማሁት። ካናዳ ከጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የትዳር ጓደኛ ፈቃድን አጥብቃለች። ፈቃዱ የሚሰጠው እዚያ ያለው ሠራተኛ በከፍተኛ ሙያ ምድብ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም የሰው ኃይል እጥረት አለባቸው ተብለው ከተመረጡ ሥራዎች አንዱን ከሠራ ነው። ማመልከቻው በሚገባበት ዕለትም በሠራተኛው ፈቃድ ላይ ቢያንስ 16 ወር መቅረት አለበት። ባለቤቴ በሙያው ያሟላል። የእሱ ፈቃድ 16 ወር የሚቀረው ግን እስከ ነሐሴ 12 ብቻ ነበር። ስድስት ቀን ማለት ነው። እናንተ ጋ ውል ስፈርም ይህ ሕግ ከወጣ ከአንድ ወር በላይ ሆኖት ነበር። የባለቤቴ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀንም በእጃችሁ ባለው ኮፒ ላይ ተጽፏል።

በማግስቱ ነሐሴ 7 ጠዋት ቢሯችሁ መጥቼ የማመልከቻ ቁጥሬን ጠየቅኩ። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አንድ የክፍያ ማረጋገጫ ፎቶ አሳየችኝ። ስሙ ያለበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ይዛው ነበር። ጣትሽን አንሺልኝ ብላት ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው። ከቢሮው አልወጣም ብዬ ስቀመጥ «ረቂቁ» የተባለውን ፋይል ከማተሚያው አውጥተው ሰጡኝ። ፋይሌ ጨርሶ አልገባም ነበር።

ቅሬታ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን በዚያ ረቂቅ ውስጥ ያገኘሁት ነው። የሥራ ልምዴ 6 ዓመት ሆኖ ሳለ 9 ተብሎ ተሞልቷል። ከጀርባው ደግሞ ሠርቼበት በማላውቀው የግል ሆስፒታል ስም የተጻፈ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተያይዟል። ክብ ማኅተም አለው፤ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ጣቴን ሰማያዊ አደረገው። እኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጠየቅኩም። ለትዳር ጓደኛ ፈቃድ የሥራ ልምዴ ብዛት ምንም አይጨምርልኝም፤ ሰነዱ የሚያስፈልገኝ እንኳን አልነበረም። ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ አመልካች ግን በካናዳ ሕግ ለ5 ዓመት ይታገዳል። ቅጹ የሚገባው በእኔ ስም ስለሆነ የምታገደው እኔ ነኝ። ከዚያም አልፎ ነርስነት በታማኝነት የሚመዘገቡበት ሙያ ነው። በሕመምተኛ ካርድ ላይ ያልሰጠሁትን መድኃኒት ሰጥቻለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም። በእኔ ስም እንዲህ ዓይነት ወረቀት እንዲዘጋጅ የፈቀደ ሰው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።

ማመልከቻውን ያስገባሁት በመጨረሻ እኔው ራሴ ነኝ። ካልጋሪ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት ነው። ሦስት ሌሊት በስልክ እየተነጋገርን የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን፣ ትርጉሙን፣ የእሱን የደመወዝ ወረቀትና የአሠሪውን ደብዳቤ አንድ በአንድ ጫንን። ነሐሴ 10 ገባ። ሁለት ቀን ሲቀረው። የከፈልነው የመንግሥት ክፍያ ለሥራ ፈቃዱ 155፣ ለኦፕን ወርክ ፐርሚቱ 100፣ ለአሻራ 85፣ በድምሩ 340 የካናዳ ዶላር ነው፤ በባለቤቴ ካርድ ነው የተከፈለው። እናንተ ለዚሁ ክፍያ ብላችሁ የወሰዳችሁት 600 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከዚያ ውስጥ ለመንግሥት የደረሰ አንድ ሳንቲም የለም።

የሕክምና ምርመራውን ጉዳይ ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ። በሚያዝያ ወር በስልክ «ሜዲካል አያስፈልግሽም፣ ፋይሉን ያዘገየዋል» ተብያለሁ። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ከስድስት ወር በላይ ካናዳ ለሚቆይ ሰው ምርመራው ግዴታ ነው። በጤና ተቋም ለሚሠራ ሰው ደግሞ የቆይታው ርዝመት አይታይም። ያለ ምርመራ የሚሰጥ ኦፕን ወርክ ፐርሚት በጤና አገልግሎት መሥራትን የሚከለክል ቅድመ ሁኔታ ይታተምበታል። ለነርስ እንዲህ ያለ ፈቃድ ምን ይሠራላታል? ይህን አታውቁ ከነበረ የነርስ ፋይል መቀበል አልነበረባችሁም። አሁን ምርመራዬን በአይኦኤም (በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት) አድርጌአለሁ፣ አሻራም ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው።

ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ግን «በሳምንቱ ሆስፒታል ትጀምሪያለሽ» የሚለው ቃል ነው። ኦፕን ወርክ ፐርሚት ካናዳ ገብቼ እንድሠራ ይፈቅድልኛል። ነርስ ሆኜ እንድሠራ የሚፈቅድልኝ ግን የክፍለ ሀገሩ የነርሶች ተቆጣጣሪ አካል ነው። አልበርታ ውስጥ ይህ አካል የአልበርታ ተመዝጋቢ ነርሶች ኮሌጅ ይባላል። የትምህርት ማስረጃዬን ይመረምራል፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይጠይቃል፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካናዳ ለነርሶች የሚሰጠውን ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተናም ማለፍ አለብኝ። በግንቦት ወር ይህንን ስም ከኢንተርኔት አውጥቼ ለፋይል ኃላፊዋ ባሳያት «ኮሌጅ ይላል አይደል? ትምህርት ቤት ነው። ስትሄጂ ከፈለግሽ ትማሪያለሽ» አለችኝ። እኔም ባለሙያ ተናገረች ብዬ ተውኩት።

በመተዌ ያጣሁትን እነግራችኋለሁ። ከየካቲት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ አካዳሚክ አይልትስ ለተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና መዘጋጀትና መፈተን እችል ነበር። እናንተ «ለሁሉም ይሆናል» ብላችሁ የላካችሁኝ ወደ ጄኔራል አይልትስ ክፍል ነው፤ የትዳር ጓደኛ ፈቃዱ የቋንቋ ፈተና አይጠይቅም፣ እኔ ለምዝገባ የሚያስፈልገኝ ደግሞ አካዳሚኩ ነው። የተማርኩበት ተቋም ትራንስክሪፕቴን በቀጥታ እንዲልክ፣ የሙያ ፈቃድ የሰጠኝ ቢሮ የጉድ ስታንዲንግ ደብዳቤ (በሙያዬ ጥፋት እንደሌለብኝ የሚገልጽ) እንዲጽፍልኝ ማስጀመር እችል ነበር። እነዚህ ሁሉ እዚህ አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ከደመወዜ ሳልነቀል የምሠራቸው ነበሩ። የእኔ ፈቃድ ከባለቤቴ ፈቃድ ማብቂያ አያልፍም። ፋይሌ በተባለው ጊዜ ገብቶ ቢሆን በእሱ ፈቃድ ላይ 21 ወር ይቀር ነበር። ዛሬ የቀረው 14 ወር ከግማሽ ነው፤ ውሳኔውን ስጠብቅ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልጋሪ ደርሼ ምዝገባ ስጀምር ጊዜው ሊያልቅብኝ እንደሚችል አስቡት። እዚህ በየሌሊቱ ሕፃናት የምታስተነፍስ ነርስ እዚያ ሄዳ በሙያዋ ሳትሠራ ፈቃዷ ሊያልቅባት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በካናዳ ሕግ ገንዘብ ተቀብሎ አመልካችን መወከል የሚችለው በዋናነት የካናዳ ጠበቃ ወይም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበና ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው። የተመዘገቡት ሰዎች ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው። ግድግዳችሁ ላይ ስማቸው የተለጠፈውን ሁሉ ፈልጌአለሁ፤ አንዱንም አላገኘሁም። ወኪሌ ስለመሆናችሁ የሚገልጸውን አይኤምኤም 5476 የተባለውን ቅጽም አላስፈረማችሁኝም። ፋይሌን በእኔ ስም፣ እናንተ እንደሌላችሁበት አድርጋችሁ ልታስገቡ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

ኦሪጅናል ዲግሪዬ እስከ ዛሬ በእጃችሁ ነው። «ለማረጋገጫ» ብላችሁ ወስዳችሁ አልመለሳችሁልኝም። ኮስት ሼሪንግ ለዓመታት ከደመወዜ እየተቆረጠ ከፍዬ ጨርሼ ያወጣሁት ዲግሪ ነው። ተቋሙ ትራንስክሪፕት ለመላክ ኦሪጅናሉን አምጪ ብሎኛል፤ ስለዚህ ዲግሪው እናንተ ጋ በተቀመጠ ቁጥር ምዝገባዬም ቆሟል። ሁለት ጊዜ ጠይቄ «ከሒሳብ ክፍል ክሊራንስ አምጪ» ተብያለሁ። የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ ክሊራንስ የምጠየቅበት ምክንያት አይገባኝም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አገልግሎት የሚገዛ ሰው በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ግን የምጠይቀው የከፈልኩትን ብቻ ነው፤ ስለ ጠፋው ጊዜ የምጠይቀው ካሳ ለጊዜው ይቆይ። 93,000 ብሩ ለተባለለት ነገር ስላልዋለ ሙሉ በሙሉ፣ 85,000 ብሩም አገልግሎቱ ስላልተሰጠ ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ። በስሜ የተዘጋጀው ሐሰተኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ኦሪጅናሉና ኮፒው ሁሉ በፊቴ እንዲቀደድ፣ ከኮምፒውተራችሁም እንዲጠፋ፣ እንደማትወክሉኝም የሚገልጽ ደብዳቤ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ባለፈው ስመጣ የመጠበቂያ ወንበራችሁ ላይ አንዲት ወጣት ነርስ ዲግሪዋን በፕላስቲክ አቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ባሏ ዊኒፔግ እንደሆነ ነገረችኝ። እሷንም «በሳምንቱ ትጀምሪያለሽ» ብላችኋት ከሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ እውነቱን ንገሯት። የነርስነት ምዝገባ የሚወስደውን ጊዜ አውቃ አሁኑኑ መጀመር አለባት።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁኝ ውሉን፣ በእጅ የተጻፈውን ደረሰኝ፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና የረቂቁን ኮፒ ይዤ ለንግድ ቢሮና ለፖሊስ አቤት እላለሁ።

ዲግሪዬን በሌላ ሰው ወይም በሞተር መልእክተኛ እንዳትልኩልኝ። ማክሰኞና ዓርብ ከሌሊት ተረኛ ስለምወጣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቢሯችሁ እደርሳለሁ፤ ራሴ አይቼ፣ ቁጥሩን አመሳክሬ፣ ፈርሜ እረከባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ የፋይል ቁጥሬ በውሉ ላይ ተጠቅሷል
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ
ለባለቤቴ፣ ካልጋሪ