የእጅ ጥበብ ክበብ፦ በከፋይ (ቬልቬት) ጨርቅ ላይ የመጥለፍ ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ እንደ ወትሮው የጠረጴዛ ልብስና የትራስ ጨርቅ በመጥለፍ ብቻ አልተወሰነም። አባላቱ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኝ አንድ የምሽት ቀሚስ በፎቶግራፍ አጥንተው የተማሩትን በእጃቸው ሞክረዋል። ቀሚሱ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1900 ባለው ጊዜ ፓሪስ ውስጥ በወርዝ ስፌት ቤት የተሠራ ነው። ዘመኑ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጨረሻ ዓመታት ሲሆን፣ የቤቱ መሥራች ቻርልስ ፍሬድሪክ ወርዝም እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ሲሞት ሥራውን ልጆቹ ቀጠሉ።

በነጭ ሳቲን ላይ ጥቁር የከፋይ ሐረግ ከቀሚሱ ጠርዝ ተነሥቶ እንደ ብረት አጥር ጌጥ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ጥልፍ ነው» አሉ። አባቷ ሸማኔ የሆነ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግታ «የመርፌ ምልክት የለበትም፤ የተሸመነ ነው» ብላ ተከራከረች። እውነትም ሐረጉ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ ያውም ለቀሚሱ ቅርጽ እንዲስማማ ታስቦ። የዚያን ቀን የነበረው ክርክር ከማንኛውም ትምህርት በላይ ዓይናቸውን ከፍቶላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዘመን በወርቅ ክርና በዶቃ የተጠለፉ የከፋይ ቀሚሶችም ነበሩ። እኛም ወደዚያ አለፍን። ከፋይ አስቸጋሪ ጨርቅ ነው፤ ጸጉሩ ክሩን ይውጠዋል። የመጀመሪያዎቹ አበቦች በሙሉ ሰጥመው ቀሩ። የጥንቶቹ ጠላፊዎች መላ ከሥር ጠንካራ ነገር በቅርጹ ቆርጦ ማስቀመጥ ነበርና፣ ልጆቹ የደብተር ሽፋን ቆርጠው አስገቡ። የወርቁን ክር በላዩ አጋድመው በቀጭን የሐር ክር ብቻ ከዳርና ከዳር ያዙት። ወርቁ ጨርቁን ሳይበሳ ላዩ ላይ ይቀራል፤ አይባክንም፣ አይላላጥም። አበባው ከጥቁሩ ከፋይ ከፍ ብሎ ሲያብረቀርቅ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ካውያ በቀጥታ ማሳረፍ ጸጉሩን ስለሚያስተኛው፣ ከፋዩን በሌላ ከፋይ ላይ ፊት ለፊት ደፍተን ከጀርባው በእንፋሎት ብቻ አቃናነው። ሲቆረጥም የጸጉሩ አቅጣጫ አንድ ካልሆነ፣ ያው ጨርቅ ሁለት ቀለም መስሎ ይታያል።

የወርዝ ቀሚሶች ከወገባቸው በውስጥ በኩል የቤቱ ስም የተሸመነበት ጥብቅ ማሰሪያ አላቸው። ዓይናቸውን ያደከሙት ጠላፊ ሴቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም። ይህ ተማሪዎቹን በጣም ስላስቆጣቸው፣ በዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርዕይ የቀረበው እያንዳንዱ ሥራ ከገበሩ ላይ የሠራችው ወይም የሠራው ልጅ ስም ተጠልፎበታል። ሐሳቡ የእነርሱ ነው፤ እኔ ክር ከማቀበል ያለፈ ድርሻ አልነበረኝም።

በመጪው ዓመት አንድ ሙሉ ካባ በእጅ ለመጥለፍ አስበናል። በቤታችሁ የከፋይ ቁርጥራጭ ያላችሁ ወላጆች፣ ትንሽም ብትሆን በልጆቻችሁ በኩል እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቢሆን እንመርጣለን።