በወንዙ ዳር ስላለው መሬት

ውድ ልጄ፣

ይዞታው በቅርቡ በስምሽ ስለሚመዘገብ፣ ከሁሉም አብልጦ ስለሚያሳስበኝ ስለ ወንዙ ዳርቻ በጽሑፍ ላማክርሽ ወደድሁ። ብዙ ሰው ዳርቻን የማይታረስ ትርፍ ቦታ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን ከይዞታው ሁሉ የበለጠ የሚሠራው እርሱ ነው ባይ ነኝ። የዛፎቹ ሥር አፈሩን አስሮ ይይዛል፤ ጎርፍ ከማሳው የሚያመጣው ደለልና ከደለሉ ጋር ተጣብቆ የሚጓዘው ፎስፈረስ የተባለው የማዳበሪያ ንጥረ ነገር ሣሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከመሬት በታች የሚሰርገውን ናይትሬት፣ ማለትም በማዳበሪያ ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ውህድ፣ ደግሞ ኦክስጅን በሌለው እርጥብ አፈር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ጥላውም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ውሃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ዓሣው ይጎዳል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የብራዚል የደን ሕግ ወርዱ ከ10 ሜትር በማይበልጥ ወንዝ ግራና ቀኝ 30 ሜትር፣ ከ10 እስከ 50 ሜትር በሆነው ደግሞ 50 ሜትር ዕፅዋት እንዲጠበቅ የግል ባለመሬቶችን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2008 በፊት ለታረሱ ዳርቻዎች ግን ከዚህ ያነሰ ስፋት ይፈቅዳል፤ እኔ ይህን አልወደድሁትም፤ ጎርፍ ማሳው መቼ እንደተመነጠረ አይጠይቅምና።

ሕግ ባያስገድድሽም በውል ራስሽን ማሰር ትችያለሽ። በአሜሪካ እንደሚደረገው፣ ባለመሬቱ ባለቤትነቱን ሳይለቅ ዳርቻውን የመመንጠርና በላዩ የመገንባት መብቱን ብቻ ለተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ወይም ለመንግሥት አካል ይሰጣል ወይም ይሸጣል፤ ተቀባዩም መብቱን የሚይዘው ሊጠቀምበት ሳይሆን ዳርቻው እንዳይነካ ነው፤ ገደቡም ከመሬቱ ጋር ስለሚተላለፍ ወደፊት የሚገዛውንም ሆነ የሚወርሰውን ሰው ያስራል። የመሬቱ የገበያ ዋጋ በዚህ ሊቀንስ እንደሚችል አልደብቅሽም።

በውሉ ውስጥ አጥብቀሽ እንድትመለከቺው የምፈልገው ልኬቱን ነው። ወንዝ በአንድ በኩል እየሸረሸረ በሌላው ደለል እየጣለ ቦታውን ስለሚለውጥ፣ በካርታ ላይ አንዴ የተሰመረ መስመር ከዓመታት በኋላ ውሃው መካከል ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚጠበቀው ስፋት ወንዙ በሄደበት ሁሉ ከወቅቱ ዳርቻ ጀምሮ እንዲለካ በግልጽ ይጻፍ። ከብት ወደ ውሃው የሚወርድበት ቦታ አንድ ብቻ እንዲሆንና የቀረው እንዲታጠርም ጨምሪበት። የጎረቤቶች የድንጋይ ግንብ እንዳያታልልሽ፤ ግንቡ የነርሱን ዳር ቢያድንም የውሃውን ኃይል ወደ ታችኛው ወይም ወደ ማዶው ባለመሬት ሊገፋው ይችላል።

ረቂቁን ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።

አባትሽ