«ኩኩሉ!» የእንስሳት ሥዕል መጽሐፍ ለልጆቻችን፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ጎረቤቶቻችን፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በኮሙናሉ ለሕፃናት ጮክ ብለን መጽሐፍ እንደምናነብ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ያላወቃችሁም ጩኸቱን ሳትሰሙ አትቀሩም። ለሱ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ዛሬ ደግሞ ለመዋጮ መጥተናል።

እጃችን ላይ ያሉት መጻሕፍት በአብዛኛው ከውጭ በስጦታ የመጡ ናቸው። ወረቀታቸው ወፍራም፣ ሥዕላቸው ያማረ ነው፤ ለጋሾቹን እግዜር ይስጥልን። ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የምታነበው እናት ገጹን አይታ፣ በልቧ ተርጉማ እስክትናገር ድረስ የሦስት ዓመት ልጅ የት ይጠብቃል? ተነሥቶ ሄዷል። ቤት የሚመታው ግጥምም መንገድ ላይ ይቀራል። በየገጹ ያለው ደግሞ ፔንግዊንና የበረዶ ድብ ነው። በቀደም የጉሬዛ ፎቶ ብናሳያቸው አንዱ «ፂም ያለው ድመት!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ጉሬዛ እኮ ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቀው በመናገሻ ሱባ ጫካ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይውላል።

ስለዚህ የራሳችንን ልናሳትም ነው። ጽሑፉን የጻፈችው እዚሁ ግቢያችን የምትኖር የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሥዕሉን የሠራው ሥዕል የሚማር ወጣት ጎረቤታችን ነው። ሁለቱም ሳንቲም አልጠየቁም። ታሪኩ አውራ ዶሮው እንስሳቱን ልቀስቅስ ብሎ የሚዞረው ዙረት ነው። በየደረሰበት «ኩኩሉ!» ሲል ልጆቹ እንደ ድብብቆሹ «አልነጋም!» እያሉ ይመልሳሉ። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ገደል አፋፍ ላይ ተቃቅፋ እንደተኛች «በርዶኛል፣ አልነጋም!» ትላለች። የባሌው ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ «ዝም በል፣ ታስበረግግብኛለህ!» ይለዋል። ጅብ እራቱን አልጨረሰም። አህያዋ ጭነቱ ስለሚታያት ከሁሉም አጥብቃ «አልነጋም!» ባይ እሷ ናት፤ ስታናፋም ሁለቱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ፊደል ይሞላዋል። ፊደል ላልቆጠሩ አያቶችም ችግር የለውም፤ ሥዕሉን እያዩ እንደ ተረት መናገር ይችላሉ።

አሁን ወደ ብሩ። ባለቀለም ኅትመት ለአራቱ ቀለማት የየራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይፈልጋል፤ የፕሌቱ ዋጋ መቶ ቢታተምም ሺህ ቢታተምም ያው ነው። ጥቂት ማሳተም የሚያከስረው ለዚህ ነው፤ እኛም 1,000 ቅጂ ያሰብነው ለዚሁ ነው። ሌላው ወጪ ሽፋኑ ነው። ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት ልጆች ያኝኩታል፣ ሻይ ይደፉበታል፣ ታናሽ እህታቸውን ይመቱበታል። ስለዚህ ሽፋኑ ወፍራምና በላስቲክ የተለበጠ፣ ጥጉም ዓይን እንዳይወጋ ክብ ሆኖ የተቆረጠ እንዲሆን ወስነናል። «ቀጭን ወረቀት ይበቃል» ያላችሁን ሰምተናል፤ አልተስማማንም።

በየቤቱ 500 ብር ቢዋጣ ደስ ይለናል፤ 50 ብርም ቢሆን እንቀበላለን። ከሰፈራችን ወጥታችሁ ውጭ አገር የምትኖሩም ብትሳተፉ የመጽሐፉን የስልክ ቅጂ ለልጆቻችሁ እንልካለን። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው። ቁጥሩም፣ ከማተሚያ ቤቶች ያመጣናቸው ፕሮፎርማዎችም ኮሙናሉ በር ላይ ተለጥፈዋል። የለጋሾችን ስም ዝርዝር መጽሐፉ ላይ አናወጣም፤ የጀርባው ገጽ ለአህያዋ ተይዟል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤት ሁሉ አንዳንድ ቅጂ ይደርሳል፤ የተረፈው በአካባቢያችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላሉ የቅድመ አንደኛ ክፍሎች ይሰጣል። ገንዘቡ ካልሞላ ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠውን እንመልሳለን።

ገንዘብ የሌለው ምንጣፍ ቢያመጣ፣ እሱም ባይኖረው ድምፁን ቢያውሰን ይበቃናል። ረቂቁን ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ኑ። እስካሁን የሚያነቡልን እናቶች ብቻ ናቸው፤ የጅቡን ድርሻ የሚወስድ ወፍራም ድምፅ ያለው አባወራ እየፈለግን ነው።