ፖሙን ከየት አመጣችሁት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ባወጣችሁት የጉዞ ዘገባ፣ 11 ዓመት የኖርኩባትን አፕልክሮስን «የፖም መስቀል» ብላችሁ ተርጉማችኋታል። መነኮሳቱ የፖም ዛፍ በመስቀል ቅርጽ ስለተከሉ ነው የሚል ማብራሪያም ጨምራችኋል። እሰይ! በዚህ አያያዝ ደብረ ዘይትም ስሟን ያገኘችው ከዘይት መጭመቂያ ነው ማለት ነዋ።

ይህን ተረት እዚህም ለእንግዳ የሚያወሩ ስላሉ ዘጋቢያችሁ ቢሰማው አልፈርድበትም። ግን ሁለተኛ ሰው መጠየቅ ምን ይከብዳል? ማልሩባ የተባለው የአየርላንድ መነኩሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ673 ገዳሙን ሲመሠርት፣ የአገሩ ዜና መዋዕል ቦታውን «አፖርክሮሳን» ብሎ መዝግቦታል። «አፖር» ከጌሊክ ቋንቋ በፊት እዚህ ይነገር የነበረው፣ የጥንቶቹ የስኮትላንድ ነዋሪዎች የፒክቶች ቃል ነው፤ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ማለት ነው። አበርዲን በሚለው ስም ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ክሮሳን ደግሞ ወንዙ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «አፖር»ን በራሱ ጆሮ «አፕል» አደረገው፤ እናንተም ከዚያ ላይ ፖም ለቀማችሁ።

ይበልጥ የከነከነኝ ግን የዘለላችሁት ነው። ጌሊክ ተናጋሪዎቹ አገራቸውን «አ ኾምሪኽ» ነው የሚሏት፤ መማፀኛ ማለት ነው። በገዳሙ ዙሪያ ያለው መሬት ሸሽቶ የገባ ሰው የማይነካበት ነበር። ገዳም ገብቶ፣ ደወል ደውሎ ስለተማፀነ ሰው ያልሰማ የአማርኛ አንባቢ አለ? አንድ መስመር ትበቃ ነበር። እናንተ ግን ስሞቹ «ለጆሮ የሚከብዱ፣ ትርጉማቸው የተረሳ» ናቸው ብላችሁ አለፋችሁ። ማን ዘንድ ነው የተረሳው? አማቴ እስከ ዛሬ የሚጸልዩት በጌሊክ ነው። ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ዘገባውን ስተረጉምላቸው፣ ግማሹ የተላጠ ድንች በእጃቸው እንደያዙ «ፖም?» አሉ። በመስኮቱ ነፋሱ የሚያናውጠውን ባሕር ለአፍታ ተመለከቱና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

«የማርያም ሐይቅ» ያላችሁት ሎክ ማሪም የዚያው የማልሩባ ስም ነው፤ ይህን በቅን ልቦና የተሠራ ስሕተት ብዬ አልፈዋለሁ። መኪናችሁን አቁማችሁ ፎቶግራፍ የተነሣችሁበት የተራራ መንገድ «ቢያላኽ ና ባ» ግን አይታለፍም፤ የከብቶች መሻገሪያ ማለት ነው። ከብት ወደ ገበያ የሚነዳው በዚያ ነበር። ሕፃናት የሚያውቁት ቃል ነው። 626 ሜትር ከፍታ ላይ የወጣችሁት ግርጌው ላይ የቆመውን ማስጠንቀቂያ አልፋችሁ ነው፤ ለለማጅ ሾፌር፣ ለትልልቅ ተሽከርካሪና ለካራቫን አይመከርም ይላል። ዘጋቢም ቢጨመርበት ደስ ባለኝ።

እርማት እንድታወጡ ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ደሴ ያለችው እህቴ ግን ዘገባችሁን አንብባ ወዲያው ደውላልኛለች፤ ለፋሲካ ስመጣ ከገዳሙ ፖም እንዳልረሳባት አደራ ብላለች።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአፕልክሮስ፣ ስኮትላንድ