የትራንስፖርቱን ከሸፈናችሁልን ልጆቹ ይመጣሉ

የበጎ ፈቃድ ሥራ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት ነው ይባላል። ነፃ የሚሆነው ለተቀባዩ ነው። ሰጪው ትራንስፖርት ይከፍላል፣ ይርበዋል፣ ጊዜው ያልፋል። ቤተሰቡ ለሚችል ልጅ ይሄ ምንም አይደለም። ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየሠራ ቤቱን የሚደጉም የ15 ዓመት ልጅ ግን አንድ ቅዳሜውን ሰጠ ማለት የቀን ገቢውን ሰጠ ማለት ነው። ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅም ከቤት ለመውጣት በእሷ ቦታ የሚተካ ሰው ያስፈልጋታል።

ስለዚህ የወጣቶች የአመራር ሥልጠና ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ድሮም ዕድሉ የነበራቸው ናቸው። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ የሆነባቸውን ልጆች የምናውቃቸው በእርዳታ ወረፋ ላይ ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ ናቸው። ምን መስጠት እንደሚችሉ የጠየቃቸው የለም።

እኛ መጠየቅ እንፈልጋለን። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ፣ በኑሮ የተቸገሩ ወይም ትምህርት ያቋረጡ ታዳጊዎችን በቡድን አሰባስበን፣ በመጀመሪያ ሰፈራቸውን ዞረው እንዲያዩ እናደርጋለን። ችግሩን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ሕፃናትን ማስጠናት ሊሆን ይችላል፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን መጎብኘት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዕቅድ ያወጣሉ፣ ስብሰባ ይመራሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ ደረሰኝ ይሰበስባሉ፣ ቢሮ ሄደው ፈቃድ ይጠይቃሉ። «አይሆንም» ሲባሉም በሌላ በር መሞከርን ይለማመዳሉ። መድረክ ላይ ቆሞ መናገር ብቻውን አመራር አይመስለኝም።

ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 የልጆችን ተሳትፎ 8 ደረጃ ባለው መሰላል አሳይቷል። የታችኞቹን 3 ደረጃዎች ተሳትፎ ብሎ አይቆጥራቸውም፤ ልጆቹ ለማሳመሪያ ወይም ለይስሙላ የሚቀርቡባቸው ናቸውና። ቲሸርት አልብሶ ፎቶ ማንሳት እዚያው ታች ነው። ብዙ ፕሮግራም ደግሞ እዚያው ሲቀር አይተናል።

ጥቅሙ ለተረጂው ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አንድ የካናዳ ጥናት 106 የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለ2 ወር በሳምንት አንድ ቀን ከትናንሽ ልጆች ጋር በበጎ ፈቃድ ሠሩ፤ የቀሩት ተራቸውን ጠበቁ። በመጨረሻ የሠሩት ልጆች የኮሌስትሮል መጠን ካልሠሩት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልለጥጠውም፤ ግን ደስ ይላል።

የምትሰጡን ገንዘብ የሚውለው በዋናነት ለትራንስፖርትና ለምሳ ነው። ቀጥሎ ለአንድ ቋሚ አስተባባሪ ደመወዝ። የቀረው አነስተኛ ገንዘብ የልጆቹ ነው፤ ምን ላይ እንደሚያውሉት ራሳቸው ይወስናሉ፣ ሒሳቡንም በየወሩ ራሳቸው ለእናንተ ያቀርባሉ። ሊሳሳቱ ይችላሉ። አዋቂም በጀት ያበላሻል።

ቲሸርትና ቦርሳ አትላኩልን። ለጋሽ የሚወደው እሱን እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን ልጅ አያጓጉዝም። የልጆቹን የሚያሳዝን ፎቶ እየለጠፍን ገንዘብ አንሰበስብም፤ እንዲህ ያለውን ከእኛ አትጠብቁ። አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆንም ደንብ አለን፤ ለማንም አይላላም።

ጊዜያችሁን መስጠት የምትፈልጉ የልጆቹ አማካሪ ሁኑልን፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ብዙ ሰው የተለየው ልጅ ሌላ ወዳጅ በሁለት ወሩ ጥሎት ከሚሄድ ባይጀመር ይሻላል። መቆየት የማትችሉ ከሆነ አዳራሽ ፈልጉልን፣ ወይም ገንዘቡን ስጡን።

በአንድ ጊዜ ከሚመጣ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ ይበልጥብናል። የአንድ ልጅ የወር ትራንስፖርትና ምሳ እችላለሁ የምትሉ አስተባባሪዎቻችንን አነጋግሩ። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ አንድ ልጅ ብትይዙም ይቻላል።