እናቴን አስጠልላችሁ ላቆያችሁልን የሌስተር ሂንዱዎች

ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በዲዋሊ ምሽት፣ በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ቤልግሬቭ ጎዳና ላይ የጠፋችውን እናቴን ለፈለጋችሁ፣ ላገኛችሁ፣ አጠገቧ ለተቀመጣችሁ ሁሉ የቤተሰባችን ምስጋና ይድረሳችሁ። የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ ለተጠለለችበት ቤተ መቅደስ አስረክቤአለሁ። ይህን በአማርኛ የምጽፈው አብረውኝ ለተጨነቁ ወገኖቼ ነው። ከዚያ ወዲህ «ጣዖት ቤት ገባች» እየተባለ ስለሚወራውም ነገር አንድ ሁለት ቃል መናገር አለብኝ።

ዲዋሊ ሂንዱዎች ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት የሚያከብሩት የመብራት በዓል ነው። አምላካቸው ራማ ከስደት ወደ ከተማው አዮድያ የተመለሰበት ነው ይላሉ፤ የሀብት እመቤት ላክሽሚም መብራት በርቶ ወዳየችው ቤት ትገባለች ይላሉ። በሌስተር በዚያ ምሽት ቤልግሬቭ ጎዳና ለመኪና ይዘጋል፤ በወርቅ ቤቶቹና በሳሪ መደብሮቹ ደጅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይተማል። ልጅ ልጇን ልታይ ከደብረ ብርሃን የመጣችው እናቴ፣ ልጃገረዶች በቀለም ዱቄት መሬት ላይ አበባ የሚሥሉበት ቦታ ቆማ ስትደነቅ ርችቱ አበቃና ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ። እኛ ወደ አንድ ወገን ተገፋን፣ እሷ ወደ ሌላ። ስልክ አልያዘችም፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋም አታውቅም።

ቢጫ ሰደርያ ለብሳችሁ ሕዝቡን ታስተናግዱ የነበራችሁ ወጣቶች፣ ከእኔ እኩል ሮጣችኋል። በዓመቱ ትልቅ የገበያ ምሽት ሱቅዎን ዘግተው ልጆችዎን ወደ ጓሮ መንገዶች ያሰማሩት የሳሪ ነጋዴ፣ ውለታዎ አለብን።

እናቴ ግን እንደ ጠፋች እንኳ አላወቀችም ነበር። ብርዱ ሲጠናባት ደወል ሰማች፤ ድምፁን ተከትላ ሄደች። ደወሉ የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ነበር፤ ከውጭ ሲያዩት እንደ ጎረቤቶቹ ተራ የጡብ ቤት ነው። በር ላይ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ አየች፣ እሷም አወለቀች። ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና ከሴቶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። መብራት በሣሕን እየዞረ፣ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ነበልባሉ አስጠግቶ ግንባሩን ሲዳስስ፣ ከበሮው ሲመታ አይታለች። ነጋዴዎች ለአዲሱ ዓመት የሒሳብ መዝገባቸውን ያስባርኩ ነበር፤ አንዱ በመዝገብ ፋንታ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አቀረበ። እናቴ እስከ ዛሬ የምትተርከው ይህንኑ ነው።

አጠገቧ የነበሩት አዛውንት ሴት ገና ስትገባ እንግዳ መሆኗን አውቀዋል። ፎጣቸውን ከትከሻቸው አንሥተው ደረቡላት። ከወተትና ከስኳር የተሠራ ጣፋጭ ሲቀርብላት አፏን በእጇ ሸፍና ራሷን ነቀነቀች፤ ጊዜው የጽጌ ጾም ነውና። ሌላ ቦታ ቢሆን እንደ ንቀት ይቆጠር ነበር። እነዚህ ግን ጨረቃ በተወለደችና በሞላች በአሥራ አንደኛው ቀን ራሳቸው የሚጾሙ ሴቶች ናቸው፤ የጾመኛን ምልክት አላጡትም። ሣሕኑ ተመልሶ ሙዝ፣ ኦቾሎኒና ወተት የሌለበት ሻይ መጣ።

«እንዴት ከጣዖት ቤት ትገባለች?» ለምትሉ ወገኖቼ፣ እናቴ ማተቧን ይዛ ገብታ ማተቧን ይዛ ወጥታለች። ለምስሎቹ የቀረበውንም ጾም ባይሆን እንኳ አልቀምስም ነበር ብላለች። ከዚህ በላይ ምን ትሁን? ያን ሰዓት የእኛው ቤተ ክርስቲያን በር ዝግ ነበር፤ ክፍት የነበረው የእነሱ ነው።

እኒያ አዛውንት የካምፓላ ተወላጅ ናቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን እስያውያኑን በ90 ቀን ውስጥ ውጡ ሲል ከወጡት አንዷ ናቸው። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት በዚያን ጊዜ በኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ «ወደ ሌስተር አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ ዛሬ ያው ከተማ ለበዓላቸው መንገድ ይዘጋል። እሳቸው ግን የሚያነሡት ማስታወቂያውን አይደለም። በእንግሊዝ ሱፎክ ውስጥ በነበረው የስትራዲሻል የስደተኞች መጠለያ ከነስስ ሳሪያቸው ሲንቀጠቀጡ የማያውቋት እንግሊዛዊት ያለበሰቻቸውን ካፖርት ነው።

እናቴ «ኢትዮጵያ» ስትል የሰማ አንድ ተማሪ የሐበሻ ሱቅ ስልክ ፈልጎ ደወለ። ባለሱቁ በአማርኛ ቢጠይቃት የነገረችው እኔን ቤት ውስጥ የምትጠራበትን ስም ነው፤ በሌስተር ማንም አያውቀውም! ፎቶዋን በቴሌግራም ቡድናችን ለጠፈው፤ ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶዋን ለተቀባበላችሁም፣ በታክሲው በነጻ ቤታችን ላደረሰን ኤርትራዊ ወንድማችንም እንዲሁ።

ዲዋሊን ተከትሎ በሚውለው አናኩት፣ ምእመናኑ ሥጋና ዕንቁላል የሌለበትን የምግብ ዓይነት ሁሉ እንደ ተራራ ደርድረው በሚያቀርቡበት ቀን፣ ድፎ ዳቦ ጋግረን ሄድን። የጾም ዳቦ ስለሆነ ለእነሱም ተስማማ። እናቴ ዳቦው ምስሎቹ ፊት እንዳይቀመጥ በእኔ አስተርጓሚነት ለመነች። እኔ ኀፍረት ገደለኝ፤ ካህኑ ግን ሳቅ ብለው ሻይ ወደሚጠጣበት ጠረጴዛ በገዛ እጃቸው ወሰዱት። አባ ባረኩ፣ አዛውንቷም ቆረሱ ማለት ይቻላል።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። እናቴ ያን ሌሊት የሌላ ሴት ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው፤ ጥቁር፣ ቁጥር 38፣ ወርቃማ ዘለበት ያለው። ቤተ መቅደሱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈናል፣ እስካሁን የጠየቀ የለም። ባለቤቷን የሚያውቅ ጎረቤት ያላችሁ ንገሩልን። የእናቴን ቡናማ ጫማ የወሰደች ካለች ግን አትጨነቅ፤ እናቴ ጥር ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ መርቃላት ሄዳለች።